ደብረ ዘይት፦ ዘይቱ የሚገዛው መቼ ነው?

ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ነው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ ብለን ቆጥረን እዚህ ስንደርስ የ55 ቀኑ ጾም ይጋመሳል፤ ስለዚህም እኩለ ጾም ይባላል። እዚህ አሜሪካ ብዙውን ጊዜ የሚውለው በማርች፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና በሚበዛበት ሰሞን ነው። ውጭ ላደግን ልጆች ደብረ ዘይት ሲባል ቀድማ የምትመጣልን ወላጆቻችን ስለ ሐይቋ የሚያወሩላት ከተማ፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ ናት። የበዓሉ ስም ግን ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ ያለው የወይራ ተራራ ነው። ጌታችን በዚያ ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ይህ መቼ ይሆናል፣ ምልክቱስ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። መልሱን ማቴዎስ ምዕራፍ 24 እና 25 ላይ እናገኛለን። (በማኅበራችን ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም አሉ፤ የፍርድ ቀንን ሁላችንም እንጠብቃለን። እኔ የምጽፈው ከማውቀው ከተዋሕዶ ትምህርት ነው።)

ብዙዎቻችን የምናውቀው ምዕራፍ 24ን ነው። ጦርነት፣ ረኃብ፣ የምድር መናወጥ። ዜና በሰማን ቁጥር ከትልልቆቹ አንዱ "ስምንተኛው ሺህ አይደል!" ይላል። ይህን ነገር በቁጥር ብናየው ጥሩ ነው። በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር 1500 ሲጨመርበት 7000 ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም.፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው። ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። አያቶቻችን ተሳስተዋል ለማለት አይደለም፤ ግን ቀኑን ማስላት ማንንም አላዘጋጀም። ጌታም ቀኒቱን ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ተናግሮ ወደ ምሳሌ አለፈ።

ከምሳሌዎቹ እኔን የሚይዘኝ የዐሥሩ ደናግል ነው። ሙሽራው ሲዘገይ አምስቱ ሰነፎች ብቻ ተኙ ብለን እናስባለን። ጽሑፉ ግን ዐሥሩም ተኙ ነው የሚለው። ልባሞቹም ተኝተዋል፤ አልተወቀሱበትም። ልዩነቱ ከመተኛታቸው በፊት በማሰሮው ውስጥ በነበረው ዘይት ነው።

ነርሲንግ ስለምማር ይህን በሆስፒታል ዓይን አየዋለሁ። በሕሙማን ክፍሎች ኮሪደር ላይ ክራሽ ካርት የሚባል ባለ መሳቢያ ጋሪ ይቆማል። የሰው ልብ በድንገት ሲቆም የሚያስፈልገው እዚያ ውስጥ አለ፦ ኢፒነፍሪን፣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ከላይ ደግሞ ዲፊብሪሌተሩ። መሳቢያዎቹ በፕላስቲክ ማሸጊያ ይታሸጋሉ። ነርሶች በየቀኑ ወይም በየሺፍቱ ማሸጊያው እንዳልተበጠሰ ያያሉ፣ መሣሪያውን ይሞክራሉ፣ ይፈርማሉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ማንም አያመሰግንበትም። ግን ልብ ከቆመ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጎል መጎዳት ስለሚጀምር፣ ያን ሰዓት ወደ ፋርማሲ የሚሮጥ የለም። ጋሪውን ያየችው ነርስ ሌሊቱን ሙሉ በፍርሃት አትቆምም። ሥራዋን ትሠራለች፣ በእረፍቷም ሻይዋን ትጠጣለች።

ልባሞቹ ዘይታቸውን ለምን አላካፈሉም? ልጅ ሳለሁ ክፉዎች ይመስሉኝ ነበር። አሁን ሳስበው የማይካፈል ነገር አለ። ባልደረባዬ በፈተና ዋዜማ ማስታወሻ ልታውሰኝ ትችላለች፤ ያጠናችውን ሰዓት ግን ልታውሰኝ አትችልም። እኛ ደግሞ አንድ የተለመደ ነገር አለን፦ እናቴ ትጾማለች፣ እናቴ ታስቀድሳለች፣ እናቴ ትጸልይልኛለች። የእናት ጸሎት ትልቅ ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ስለ ምልጃ ታስተምራለች። ነገር ግን እናቴ በእኔ ቦታ ንስሐ ልትገባልኝ አትችልም።

ምዕራፍ 25 የሚያበቃው በፍርዱ ነው፤ የሚቆጠረው ስድስት ነገር ነው፦ የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ። የሚያስደንቀው በቀኝም በግራም ያሉት መቼ አየንህ ብለው መጠየቃቸው ነው። በቀኝ የቆሙት እንኳ አላወቁም ነበር። ስለዚህ ዘይቱ ጸሎትና ጾም ብቻ ሳይሆን፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ አዛውንት ሐኪሙ ያለውን አስተርጉሞ፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት እንደሚወስዱ በአማርኛ ጽፎ ማቀዝቀዣቸው ላይ መለጠፍም ነው። ይህን ከመካከላችን የማይችል የለም።

አሁን ወደ ተግባር። በወጣቶቻችን ዘንድ ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ከተመረቅሁ በኋላ፣ ካገባሁ በኋላ እንላለን። የንስሐ አባት የሌላችሁ በዚህ በደብረ ዘይት ሳምንት ፈልጉ። ካህኑ ሩቅ ከሆኑ አስቀድማችሁ ደውሉላቸው፤ የፋሲካ ሰሞን ስልካቸው አይገኝም፤ ወረፋውንም ታውቁታላችሁ። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ኑዛዜ አይሰጥም፣ ጸሎተ ፍትሐትም አይደረግም። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሰዎች ፍትሐቱ የሚደርሰው አስቀድሞ፣ በሆሣዕና ዕለት ነው። ማን እንደሚያርፍ የሚታወቅ ስለሌለ፣ ዘንባባ ይዘን በቆምንበት ለሁላችንም ይጸለያል።