ግሊሰሪን፦ ለደረቀ ቆዳ በቤት የሚሠራ ርጭት

ከጥቅምት እስከ ጥር በደጋው አገር ደረቁ ነፋስና የጧቱ ውርጭ ሲበረታ እጅ ይሻክራል፤ ተረከዝም ይሰነጠቃል። መምህር ደግሞ በዚህ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለበት። ጠመኔ የቆዳን ወዝ ስለሚመጥ ሲጽፍ የዋለ እጅ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተሰነጠቀ ቆዳ ለጀርም የተከፈተ በር ነው፤ ጣቱ የተሰነጠቀ ሕፃንም እርሳስ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ነገ ወደየትምህርት ቤቱ የምንሰማራ ዕጩ መምህራን አሠራሩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ማወቅ ይገባናል።

ግሊሰሪን ምንድን ነው?

ግሊሰሪን ቀለም የሌለው፣ ወፈር ያለና ጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ ፈሳሽ ነው። በስዊድን ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1779 የወይራ ዘይትን ከሊድ ኦክሳይድ ጋር አሙቆ አገኘው። ስሙም «ጣፋጭ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ስብ ወይም ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድም ሳሙናና ግሊሰሪን ይገኛሉ።

ቆዳን እንዴት ያለሰልሳል?

የግሊሰሪን ሞለኪውል ከውኃ ጋር የሚያያዙ ሦስት የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ጥንዶች አሉት። በዚህም እርጥበትን ይስባል፤ ይዞም ያቆያል። ታዲያ ለምን ሳይበረዝ አንቀባውም? አየሩ ደረቅ ሲሆን የሚስበው ውኃ ከውጭ ስለማያገኝ ከቆዳው ከውስጥ ይስባል። ለዚህ ነው በውኃ የሚበረዘው።

አሠራሩ

1. መርጫ ያለው ብልቃጥ በሳሙና አጥቦ ፈልቶ በበረደ ውኃ ማለቅለቅ።
2. ውኃ አፍልቶ ከድኖ ማብረድ።
3. 2 የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር) ግሊሰሪን በብልቃጡ መጨመር።
4. 18 የሻይ ማንኪያ (90 ሚሊ ሊትር) የበረደውን ውኃ ጨምሮ በደንብ መበጥበጥ።

ታጥበን ቆዳችን ገና እርጥብ ሳለ እንረጨዋለን። ከላዩ ትንሽ ቫዝሊን ብንቀባ ውኃው ቶሎ አይተንም።

ጥንቃቄ

ይህ ርጭት ከመበላሸት የሚጠብቀው መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየሠሩ በአንድ ሳምንት መጨረስ ነው። ከደፈረሰ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይደፋ። አስቀድሞም በክንድ ላይ ጥቂት ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ ይበጃል። በቁስል ላይና ወደ ዓይን አይረጭም።

ብዙ ሰው ሎሚ ይጨምርበታል። ይኼ ልማድ ይቅር! የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል።

ግሊሰሪኑም ከመድኃኒት ቤት፣ ስሙ ከተጻፈበት ዕቃ ይገዛ። መልኩ ግሊሰሪንን የሚመስል ዳይኢቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በሄይቲ ይህ መርዝ ከተቀላቀለበት ግሊሰሪን በተሠራ ሽሮፕ ብዙ ሕፃናት ሞተዋል። በቤተ ሙከራ ደግሞ ግሊሰሪንን ከፖታሲየም ፐርማንጋኔት አርቁ፤ ሁለቱ ከተገናኙ ክብሪት ሳይጫር እሳት ይነሣል።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ሁለት ቁራጭ ወረቀት ወስዳችሁ አንዱን በውኃ፣ ሌላውን በሠራነው ርጭት አርሱ። በማግሥቱ ተማሪዎች በእጃቸው ይዳስሱ። የመጀመሪያው ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ሁለተኛው ግን ለስለስ እንዳለ ይቆያል። ምክንያቱን አስቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ እነሱ ይናገሩ።

መልመጃ

ሀ. በዚሁ መጠን 250 ሚሊ ሊትር ርጭት ለመሥራት ስንት ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ያስፈልጋል?
ለ. ቫዝሊን ውኃ አይስብም። ታዲያ ቆዳን የሚያለሰልሰው በምን መንገድ ነው?