ኤ ፖዘቲቭ፦ አንድ የ«ዶክተር ሁ» የገና ክፍል ስለ ደማችን የሚያስተምረው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2005 ምሽት የብሪታንያው ቢቢሲ «የገና ወረራ» የተሰኘ ልዩ የበዓል ዝግጅት ለተመልካች አቀረበ። ዝግጅቱ ከ1963 ጀምሮ የሚታወቀው «ዶክተር ሁ» የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ሲሆን፣ ተዋናይ ዴቪድ ቴናንት ዶክተሩን ሆኖ ሙሉ ታሪክ የተጫወተበት የመጀመሪያው ነው። ደራሲው ራስል ቲ ዴቪስ በዚህ ታሪክ ለወራሪዎቹ የሰጣቸው ዋነኛ ማስፈራሪያ ቦምብ ወይም ጨረር አይደለም፤ ጥቂት የሰው ደም ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ብሪታንያ ወደ ማርስ ሰው አልባ መንኮራኩር ትልካለች። በውስጧም የሰውን ልጅ ለማያውቁት ፍጡራን የሚያስተዋውቁ ናሙናዎች ተቀምጠዋል፤ ከእነዚህም መካከል የስንዴ ዘር፣ ውኃና ኤ ፖዘቲቭ የሆነ ደም ይገኛሉ። ሲኮራክስ የተባሉ የሌላ ዓለም ፍጡራን መንኮራኩሯን ይማርካሉ፤ በደሙም አማካይነት ተመሳሳይ የደም ዓይነት ያላቸውን ሰዎች ሁሉ ይቆጣጠራሉ። ከምድር ሕዝብ ሲሶው፣ በታሪኩ ስሌት ሁለት ቢሊዮን ሰው፣ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚሄድ ሰው እየተራመደ ወደ ከፍታ ይወጣና ጠርዝ ላይ ይቆማል። ንጉሣዊው ቤተሰብ እንኳ አላመለጠም። ወራሪዎቹ የሰው ልጅ እኩሌታ ለባርነት ካልተሰጣቸው ጠርዝ ላይ የቆሙት ሁሉ እንደሚሞቱ ይዝታሉ።

ይህ ሊሆን ይችላልን? መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የደም ዓይነት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድሽታይነር በ1901 ባሳተመው ጥናት፣ የአንዱ ሰው ደም ከሌላው ጋር ሲቀላቀል አንዳንድ ጊዜ እንደሚጓጉል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንደማይጓጉል አሳየ፤ የሰውን የደም ዓይነቶች በማግኘቱም በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ምስጢሩ ያለው በቀይ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ ነው። በሕዋሱ ገጽ ላይ አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች አሉ። በሰንሰለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት ስኳር ከተጨመረ ደሙ ኤ ይባላል፤ ሌላ ዓይነት ከተጨመረ ቢ ይሆናል፤ ሁለቱም ካሉ ኤቢ፣ ሁለቱም ከሌሉ ደግሞ ኦ ነው። «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል አር ኤች ዲ የተባለ ፕሮቲን በሕዋሱ ገጽ ላይ መኖሩን ያመለክታል፤ ፕሮቲኑ ከሌለ ደሙ «ኔጋቲቭ» ይባላል።

እንግዲህ ኤ ፖዘቲቭ የሆኑ ሰዎችን አንድ የሚያደርጋቸው አንድ ስኳርና አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው። እነዚህ ምልክቶች ለአንጎል ትእዛዝ የሚያስተላልፉበት መንገድ የለም፤ ከሰውነት ተለይቶ በብልቃጥ ከተቀመጠ ደም ወደ ሌላ ሰው አካል የሚሄድ መልእክትም የለም። በአንድ ሰው ደም ሁለት ቢሊዮን ሰው መያዝ ስለዚህ የደራሲው ፈጠራ ነው።

በታሪኩ መጨረሻ ገደማ ዶክተሩ ደሙን በጣቱ ነክቶ ይቀምስና ዓይነቱን ወዲያው ይናገራል። በእውነተኛው ላቦራቶሪ ግን ደም በምላስ አይለይም። ባለሙያው ጥቂት ደም ወስዶ ፀረ ኤ፣ ፀረ ቢና ፀረ ዲ ከሆኑ ፈሳሾች ጋር ለየብቻ ይቀላቅለዋል። ከፀረ ኤ እና ከፀረ ዲ ጋር ጓጉሎ ከፀረ ቢ ጋር ካልጓጎለ ደሙ ኤ ፖዘቲቭ ነው። ላንድሽታይነር የተመለከተው መጓጎል ዛሬም የዚህ ምርመራ መሠረት ነው።

ከአንድ ቤት አንዱ ወደ ጣሪያ ሲወጣ ሌላው እየጮኸ ሊከተለው መቻሉ ግን ከሳይንስ ጋር ይስማማል። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱም አንድ የደም ዓይነት ዘረ መል ይወርሳል። አባት ኤ እና ኦ፣ እናት ደግሞ ቢ እና ኦ ዘረ መሎችን ቢይዙ፣ ልጆቻቸው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ ሊሆኑ ይችላሉ። አራት ወንድማማቾች በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው አራት የተለያየ የደም ዓይነት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው።

«ሲሶው» የተባለው ቁጥር ደግሞ ከለንደን የታየ ስሌት ይመስላል። በብሪታንያና በአሜሪካ ከሕዝቡ ሲሶ ገደማው ኤ ፖዘቲቭ ነው። በዓለም ዙሪያ ግን በብዛት የሚገኘው ኦ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኦ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ብዙውን ቁጥር የያዘው ኦ ነው። ወረራው እውነት ቢሆን ኖሮ ጠርዝ ላይ የሚቆመው ሰው ብዛት ከአገር አገር በእጅጉ ይለያይ ነበር።

መንኮራኩሯን በተመለከተ ታሪኩ ከእውነታው ቅርብም ሩቅም ነው። ከክፍሉ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ2003 የገና ዕለት፣ ቢግል 2 የተባለችው የብሪታንያ መንኮራኩር ማርስ ላይ ማረፍ ነበረባት፤ ነገር ግን ድምፅዋ ሳይሰማ ቀረ። በ2015 ከማርስ ምህዋር የተነሡ ምስሎች መሬቱ ላይ ማረፏን፣ የፀሐይ ብርሃን መሰብሰቢያ ሰሌዳዎቿ ግን ሙሉ በሙሉ አለመዘርጋታቸውን አሳዩ። ይሁንና ደም ጭኖ ወደ ማርስ መሄድ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት አገሮች ሌሎች የሰማይ አካላትን ጎጂ በሆነ መንገድ እንዳይበክሉ ያዛል፤ ስለዚህም ማርስ ላይ የሚያርፉ መንኮራኩሮች ከመነሣታቸው በፊት ረቂቅ ተሕዋስያንን ለመቀነስ በጥንቃቄ ይጸዳሉ።

በመጨረሻ ዶክተሩ የወራሪዎቹን ማዘዣ ራሱ ይጫነዋል፤ አንድም ሰው አይዘልም። የደም ቁጥጥሩ እንደ ሂፕኖሲስ ያለ ማፍዘዣ በመሆኑ፣ በሕይወት የመኖርን ተፈጥሯዊ ፍላጎት ሊያሸንፍ እንደማይችል ያስረዳል። ደም ገዳይ መሣሪያ አልነበረም።

ከቴሌቪዥኑ ውጭ ግን የደም ዓይነት በእርግጥ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ እርሱም ሆስፒታል ነው። ኤ የሆነ ሰው የቢ ደም ቢሰጠው በፕላዝማው ውስጥ ያሉት ፀረ ቢ አካላት የመጣውን ደም ያጠቃሉ፤ የፈረሱት ሕዋሳትም ኩላሊቱን ሊያበላሹና ሕይወቱን ሊያሳጡት ይችላሉ። ኤ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ቀይ የደም ሕዋሳትን መቀበል የሚችለው ከኤ ወይም ከኦ ነው፤ ፖዘቲቭም ሆነ ኔጋቲቭ ቢሆን። እናት ኔጋቲቭ ሆና ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆንም ሐኪም በጊዜ ሊያውቀው ይገባል፤ ተከታዩን ልጅ ከአደጋ የሚጠብቅ መርፌ አለና።

እኛ ዘመድን በአጥንትና በደም እንቆጥራለን። ሐኪሙ ግን ደሙን ሲመረምር የዘር ሐረግ አይጠይቅም። የእናትህ ልጅ ሊሰጥህ ያልቻለውን ደም፣ ስሙን የማታውቀው፣ ቋንቋህን የማይናገር ሰው ሊሰጥህ ይችላል። በታሪኩ ውስጥ ልዑሉንና ተራውን ሰው ጎን ለጎን ጠርዝ ላይ ያቆመው ያው ምልክት፣ በእውነተኛው ዓለም አንዱ ለሌላው ሕይወት እንዲሰጥ ያደርገዋል። አንባቢ ሆይ፣ የደም ዓይነትህን ታውቃለህን? ካላወቅህ ሐኪምህን ጠይቅ፤ ጤናህ ከፈቀደልህም በምትኖርበት አገር ደም ለግስ።