ኃይል በድካም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! የዛሬው ትምህርታችን ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 12 ከቁጥር 7 እስከ 10 ከጻፈው የተወሰደ ነው። ሐዋርያው ሥጋውን የሚወጋ መውጊያ ነበረበት። መውጊያው ምን እንደ ሆነ በመልእክቱ አልገለጠም፤ የተሰጠበትን ምክንያት ግን ነግሮናል፤ ከተገለጠለት ምሥጢር ብዛት የተነሣ እንዳይታበይ ነው። እንዲርቅለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ። መውጊያው አልተነሣለትም፤ የጌታ ጸጋ እንደሚበቃው ግን ተነገረው።

ታዲያ ጸሎቱ ሳይሰማ ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። ጳውሎስ የለመነው ሸክሙ እንዲወርድለት ነበር፤ የተሰጠው ሸክሙን የሚችልበት ኃይል ነው። በዚህም ኃይል ግርፋትን፣ እስራትን፣ የመርከብ መሰበርን ታግሦ ወንጌልን ሰበከ።

ከእርሱ ጋር የአገራችንን ቅዱስ ያሬድን እንመልከት። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ይህ አባት በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ሸሽቶ ሄደ። በመንገድ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር ደጋግሞ ወድቆ በመጨረሻ ከፍሬው ሲደርስ አየ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ለትጋት ምሳሌ ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን ታሪኩ በትሉ አያበቃም። ያሬድ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እግዚአብሔርንም በጸሎት ለመነ። አእምሮው የበራለት ከዚህ በኋላ ነው። ፊደል የከበደው ሕፃን የግዕዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ዜማ አባት ሆነ።

እንግዲህ የያሬድ ድካም ተወገደለት፤ የጳውሎስ መውጊያ አብሮት ኖረ። ጸጋ ግን ከሁለቱም አልተለየም።

ይህ ትምህርት ለእኛ ለወጣቶች እጅግ ያስፈልገናል። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል የጾመ፣ የጸለየ፣ ለአቦ የተሳለ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ወጣት «እግዚአብሔር ትቶኛል» ብሎ፣ ሰውንም አፍሮ፣ ከጉባኤ ሊቀር ይችላል። ወንድሜ፣ እኅቴ፤ የፈተና ወረቀት የእግዚአብሔር ፍቅር መለኪያ አይደለም! ዳግመኛ ተፈትነህ ብታልፍ የያሬድ አምላክ ረዳህ፤ ባይሆንልህና በሌላ ሙያ ብትሰማራም የጳውሎስ አምላክ ከአንተ ጋር ነው።

ሆኖም ድካምና ስንፍና አንድ አይደሉም። ይኸው ሐዋርያ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ መሥራት የማይወዱትን ገሥጿል። ሳያጠኑ ተቀምጦ ጸጋን መጠበቅ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። በድካም መመካት ማለት የሚቻለንን ሁሉ ካደረግን በኋላ አለመቻላችንን ሳንደብቅ በፊቱ ማቅረብ ነው።

ያለፍን ደግሞ የተሰጠን ስጦታ መሆኑን አንርሳ። በወደቀው አንመጻደቅ፤ ቤቱ ሄደን እንጠይቀው፤ መጽሐፋችንን እናውሰው፤ አብረነው እናጥና። የእግዚአብሔር ኃይል ለደካማው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በወንድሙ እጅ ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1ኛ. ጳውሎስ የለመነውና የተሰጠው በምን ይለያያሉ?

2ኛ. በውጤቱ ምክንያት ከጉባኤ የቀረ ወንድም ወይም እኅት አለን? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።