የኋላ መብራት ለምን ያልበዋል? ከማሸግ በፊት መታወቅ ያለበት

በአውቶሞቲቭ ትምህርት ክፍላችን ስለ ሞተር፣ ስለ ካምቢዮና ስለ ፍሬን ብዙ ይወራል፤ ብዙም ይጻፋል። የኋላ መብራትን ግን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። «አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ቀይረው» ከተባለ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። እኔ ያደግኩት ከምባታ ውስጥ ዳምቦያ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ፣ በጋ ላይ ደግሞ አቧራው የሚፈራረቅበት አገር ነው። ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሐላባ የሚመላለሱትን ሚኒባሶችና አይሱዙዎች ከኋላ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ መብራታቸው ውስጥ ውኃ የቋጠሩ መኪኖችን ማግኘት አይቸግረውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ውኃ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚጠገን ማስረዳት ነው። ዋናው ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፤ ውኃው የገባበትን ሳይፈልጉ፣ መብራቱ የሚተነፍስበትንም ቀዳዳ ሳይለዩ ዙሪያውን በሲልኮን መለሰን ውኃን መከልከል አይደለም፤ ውኃን ማሰር ነው።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

በብዙ መኪኖች ላይ የኋላ መብራትና የፍሬን መብራት በአንድ አምፖል ውስጥ ያሉ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። ለማታ የሚበራው 5 ዋት፣ ፍሬን ሲያዝ የሚበራው ደግሞ 21 ዋት ነው። ሹፌሩ ፍሬን መያዙን ከኋላ ያለው ሰው የሚያውቀው በእነዚህ ሁለት ብርሃኖች ልዩነት ነው። ውኃ ገብቶ የአምፖሉ መቀመጫ ሲዝግ ግን ማሳው ይደክማል። 12 ቮልት ሊደርሰው የሚገባ አምፖል 10.5 ቮልት ብቻ ቢደርሰው ብርሃኑ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። የሽቦ አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከቮልቴጁ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። ማሳው ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በሌላው ሽቦ በኩል መመለሻ ይፈልግና ፍሬቻ ሲበራ ሌላውም መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ከኋላ ያለው ሹፌር ምኑን ከምን ይለየው?

እስቲ እናስላው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። በጉም ውስጥ የፍሬን መብራቱ ደብዝዞ ከኋላ ያለው አይሱዙ አንድ ሴኮንድ ዘግይቶ ቢያየው 17 ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ለዓመታዊ ምርመራ የሚቀርበው መኪና ፀሐይ ላይ ቆሞ መብራቱ ደርቆ ሊያልፍ ይችላል። ችግሩ የሚገለጠው በሐምሌ ሌሊት ነው።

ጤዛና ፍሳሽ አንድ አይደሉም

መብራት ውስጥ እርጥበት ያየ ሰው ሁሉ «አፈሰሰ» ይላል። ይህ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መያዝ የማይችለውን በመስታወቱ ላይ ይተወዋል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር በአንድ ሜትር ኩብ ቢበዛ 23 ግራም ያህል እንፋሎት ይይዛል። ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከ9 ግራም ትንሽ ብቻ ይበልጣል።

ይህን ወደ መብራታችን እናምጣው። የአንድ ሚኒባስ የኋላ መብራት ሁለት ሊትር አየር ይይዛል እንበል። ከዚያ አየር ላይ በአንድ ሌሊት ሊወጣ የሚችለው ውኃ 0.03 ግራም አካባቢ ነው፤ ከአንድ ጠብታም ያንሳል። ስለዚህ ስስ ጭጋግ ብቻ ካያችሁና መብራቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ስታበሩት ከጠፋ፣ ይህ ጤዛ ነው፤ አትንኩት። መንጠባጠብ ካለ፣ ወይም መብራቱ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ ከተንቦጫቦጨ ግን ያ ውኃ ከአየር አልመጣም። የገባበት ቀዳዳ አለ፤ እሱን መፈለግ ነው።

መብራት ይተነፍሳል

አምፖል ሲበራ በውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል። ከ60 ዲግሪ ወደ 15 ዲግሪ የወረደ አየር ይዘቱ 13 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከሁለት ሊትር ላይ ይህ ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ይህን የጎደለ ቦታ የሚሞላ አየር ከውጭ መግባት አለበት። ፋብሪካዎች ለዚህ ብለው ከመብራቱ ጀርባ መተንፈሻ ያበጁለታል። አንዳንዱ ወደ ታች የታጠፈ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ አየር የሚያሳልፍ፣ ውኃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሽፋን መሠረት የሆነውን ግኝት እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር አገኘው፤ ዛሬ በዝናብ ልብስ ላይም በመኪና መብራት ላይም ይሠራበታል።

እንግዲህ መተንፈሻው ሲደፈን ምን ይሆናል? አየሩ መኮማተሩን አይተውም። ሌላ መንገድ ሲያጣ በቀጭኑ ስንጥቅ በኩል ይስባል፤ ስንጥቁ ላይ ውኃ ካለ ውኃውን ይስባል። ከረጅም መንገድ መጥቶ መብራቱ እንደጋለ በቀጥታ ላቫጆ የገባ መኪና ውኃ የሚቋጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ ሚኒባስ ላይ ያየሁት

በእረፍት ጊዜዬ ዳምቦያ ሳለሁ የአጎቴ ሚኒባስ የግራ የኋላ መብራት ውኃ ቋጥሮ አገኘሁት። ጠርዙ ሁሉ በሲልኮን ተለስኗል።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሲልኮን ምን ብለው አስደረጉበት?» አልኳቸው።

«ውኃ እንዳይገባ ነዋ! ሁለት ጊዜ አስመትቼዋለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ በሳምንቱ ያው ነው» አሉኝ።

መብራቱን ፈትቼ ስገለብጠው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ውኃ ወጣ። አሮጌውን ሲልኮን ስልጠው ከሥሩ የመተንፈሻው ቱቦ ተደፍኖ ተገኘ። ስንጥቁ ደግሞ የተለሰነው ጠርዝ ላይ አልነበረም። መብራቱን ከቦዲው ጋር የሚያስረው ብሎን ሥር፣ ከልክ በላይ በመጥበቁ የተሰነጠቀች ፀጉር የምታክል መስመር ነበረች። ሁለቱን ጊዜ የታሸገው ያልፈሰሰው ቦታ፣ የተደፈነው ደግሞ ክፍት መሆን ያለበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1ኛ. መፍታት፦ የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቁ። የአምፖል መቀመጫዎቹን አውጡ፤ የትኛው የት እንደነበር ምልክት አድርጉ። መብራቱን አዙራችሁ ውኃውን አፍስሱ።

2ኛ. ማድረቅ፦ አምፖሎቹ እንደወጡ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት። የፀጉር ማድረቂያም ይሆናል፤ ግን ከሩቅ። ከ60 ዲግሪ ባያልፍ ይመረጣል። ምጣድ ወይም ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ሳይደርቅ የታሸገ መብራት ውኃውን ይዞ ይቀራል፤ ለዚህ ደረጃ አትቸኩሉ።

3ኛ. ፍሳሹን መፈለግ፦ የአምፖል ቀዳዳዎቹን በፕላስቲክና በላስቲክ ዝጉ። መብራቱን ለብ ያለ የሳሙና ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ከታችሁ በመተንፈሻው በኩል በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉ። አረፋ የወጣበት ቦታ ፍሳሹ ነው፤ በማርከር አክብቡት። በኮምፕሬሰር መንፋት አይገባም፤ ግፊቱ ደህናውን መጋጠሚያ ይከፍታል። ሲያልቅ እንደገና አድርቁ።

4ኛ. ማጽዳት፦ አሮጌውን ሲልኮን ሙሉ በሙሉ አንሱ፤ አዲስ ሲልኮን በአሮጌው ላይ አይዝም። ቦታውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጋችሁ በሳሙናና በለብ ውኃ እጠቡ። በቤንዚን ወይም በአሴቶን አትጠቡ። የኋላ መብራት መስታወት ብዙ ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ እነዚህ ፈሳሾች ሲነኩት በደቃቁ ይሰነጣጠቃል።

5ኛ. ማሸግ፦ መስታወቱ በብሎን የሚፈታ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ቀይሩ። በፋብሪካ ተበይዶ የተጣበቀ ከሆነ ግን ለመክፈት አትታገሉ፤ ከውጭ በፍሳሹ ላይ ብቻ ስስ መስመር ሲልኮን አስኪዱ። ሲልኮን ስትገዙ ሽታውን ጠይቁ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ የአምፖል መቀመጫውን ናስና የውስጡን የሚያብለጨልጭ ቅብ ይጎዳል። ሽታ የሌለው፣ «ኒውትራል» የሚባለው ይሻላል። ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር።

6ኛ. መተንፈሻውን መክፈት፦ አቧራውንና ጭቃውን በቀጭን ብሩሽ አጽዱ። አፉ ወደ ታች መሆኑን አረጋግጡ። ምንም ነገር አትቀቡበት።

7ኛ. ማሳውን መፈተሽ፦ የዛጉ መገናኛዎችን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። መብራቱን ገጥማችሁ፣ የፍሬን ፔዳሉን ሰው አስይዛችሁ፣ በመልቲሜትር ከአምፖሉ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ሥራው አላለቀም። መብራቱን የሚያስሩትን ብሎኖችም እኩል እኩል፣ ሳታፍኑ አጥብቁ።

8ኛ. ሙከራ፦ ለአሥር ደቂቃ ከላይ ውኃ አፍስሱበት፤ በማግሥቱ ጠዋት እዩት።

የአጎቴን ሚኒባስ የሠራሁት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ብሎኑ ሥር ያለችውን ስንጥቅ አሽጌ መተንፈሻውን ከፈትኩ። ያ ክረምት እስኪያልፍ ውኃ አልቋጠረም።

ስለ መብሳት የሚነሳ ክርክር

ብዙ ሹፌሮች «ከታች በመርፌ ብሳው፣ ራሱ ይፈስሳል» ይላሉ። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው አልልም፤ ከፋብሪካ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይዘው የሚመጡ መብራቶች አሉ። ግን የእኛን አገር መንገድ አስቡ። በክረምት ውኃ የሚያወጣ ቀዳዳ በበጋ አቧራ ያስገባል። አቧራው ከእርጥበቱ ጋር ጭቃ ሆኖ የሚያንጸባርቀውን ክፍል ያደበዝዘዋል። ስለዚህ መብሳት ፍሳሹ ፈጽሞ አልገኝ ሲል ብቻ፣ ያውም ጎማው ጭቃ በማይረጭበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት። በሱፐር ግሉ መለጠፍ ደግሞ ጨርሶ አይመከርም፤ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል።

ሌላም አንድ ነገር ልጨምር። አሁን አሁን የሽቦ አምፖልን በኤልኢዲ መቀየር ተለምዷል። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ሙቀቱ ግን ትንሽ በመሆኑ ጤዛውን ቶሎ አያደርቅም። በኤልኢዲ መብራት ላይ ጤዛ ቢዘገይ ወዲያው «አፈሰሰ» ብላችሁ አትፍረዱ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው፤ እነሱም በአብዛኛው የሚመጡት በኤልኢዲ መብራት ነው። በሌላ በኩል ነባሮቹ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ። ለሁለቱም የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ነው፤ አየር የት ይገባል፣ ውኃስ የት ገባ?

ማጠቃለያ

የሲልኮን ቱቦ ማንም ሰው መጭመቅ ይችላል። የቴክኒሻን ሥራ የሚጀምረው ከመጭመቁ በፊት ባለው ጥያቄ ነው። ጤዛውን ከፍሳሹ ለዩ፣ አድርቁ፣ ቀዳዳውን ፈልጉ፣ መተንፈሻውን ተዉለት። አንድ ሳፋ ውኃና የአንድ ቀን ፀሐይ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ላይ የሰፈራችሁን መኪኖች የኋላ መብራት ዞር ብላችሁ እዩ። ቸር ይግጠመን!