የገብስ አሰር በአንጀታችን ውስጥ

በጮቄ ግርጌና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለበሶና ለቆሎ የሚዘራው ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ ይኸውም ገብሱ ቢፈተግ እንኳ በፍሬው ውስጥ ይቀራል። የሰው ጨጓራና ትንሹ አንጀት ሊፈጩት ስለማይችሉ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በጋን እንዳለ ጠላ ያብላሉታል፤ ከሚወጡትም አሲዶች አንዱ፥ ማለት ቡቲሬት፥ የአንጀቱ ሽፋን ሕዋሳት ዋና ምግብ ነው።

አሰሩ ሲታጣስ? በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ የአይጦች ጥናት፥ የተራቡት ባክቴሪያዎች አንጀቱን የሚጠብቀውን ንፍጥ ሲበሉ ታይተዋል። እኛ ግን ፉርሽካውን ለከብት ሰጥተን ነጩን ዳቦ እናከብራለን።

ባቄላ ሆድ ይነፋል ተብሎ መወቀሱም ከዚሁ መብላላት በሚወጣው አየር ነው፤ ዘፍዝፎ፥ ውሃውን ደፍቶ መቀቀል ያቃልለዋል። መምህራን ሆይ፥ በሶን ለተማሪዎች ስትመክሩ የሚበጠበጥበት ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ እንዲሆን አብራችሁ ንገሩ።