ኤዲተሩ ስንት ይበላል?

ተማሪዎቼ ኮድ መጻፍ ሲጀምሩ ከሁሉ ቀድመው የሚጨቃጨቁት በኤዲተር ነው። አንዱ «ቪኤስ ኮድ ላፕቶፔን ስታክ አደረገብኝ» ሲል ጓደኛው «ራም ጨምርበት፤ ራም እንደሆነ ርካሽ ነው» ይለዋል። ይህን መልስ አንጋፋ ባለሙያዎችም ሲሰጡ ሰምቻለሁ፤ ግን ከመቀበላችን በፊት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ጽሑፍ ራሱ ስንት ይመዝናል?

አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል። ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ በየገጹ 1,500 ፊደል ቢኖረው ጠቅላላው 1.35 ሜጋ ባይት ነው። 4 ጊጋ ባይት ራም ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ወደ 3,000 ይገባል። እናንተ የምትጽፉት ኮድ ደግሞ ከአንድ ምዕራፍ አይበልጥም። ላፕቶፑን ያጎበጠው ጽሑፉ አይደለም ማለት ነው።

ክብደቱ ከየት መጣ?

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቪኤስ ኮድ የተሠራው ኤሌክትሮን በሚባል መሠረት ላይ ነው። ኤሌክትሮን የጉግል ክሮም መነሻ የሆነውን ክሮሚየምን እንዳለ አዝሎ ይዞራል። ኤዲተሩን በከፈታችሁ ቁጥር ሌላ ብራውዘር ከፈታችሁ ማለት ነው። ለሠሪዎቹ ግን ይመቻል፤ በድረ ገጽ ቋንቋዎች አንዴ የጻፉት ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። እነሱ የቆጠቡትን እኛ በራማችን እንከፍላለን።

አንዳንዴ ነገሩ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ ኤዲተር ውስጥ ብልጭ ድርግም የምትለዋ ጠቋሚ፣ ማንም ምንም ሳይጽፍ፣ ከፕሮሰሰሩ 13 በመቶ ያህል ስትበላ ተገኘች። በኋላ ታረመ።

ኤዲተር ይከብዳል የሚለው ክስ የቆየ ነው። ፕሮግራመሩ ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 ቪአይ የተባለውን ኤዲተር ሲሠራ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘው በሴኮንድ 30 ያህል ፊደል በምታሳልፍ መስመር ነበር፤ የቪአይ ትእዛዞች አንዳንድ ፊደል ብቻ የሆኑት ለዚህ ነው። ኢማክስ የተባለው ኤዲተር በአንጻሩ «ስምንት ሜጋ ባይት ይዞም ዲስክ ሲያመላልስ ይውላል» ተብሎ ተቀልዶበታል። ዛሬ ስምንት ሜጋ ባይት ማን ይቆጥራል? የኮምፒውተር ሊቁ ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1995 የጻፈው ቅሬታም ይኸው ነበር፤ ሃርድዌሩ ከሚፈጥነው ይልቅ ሶፍትዌሩ የሚንቀረፈፈው ይብሳል።

ለማን ነው የረከሰው?

የፕሮግራመር የአንድ ቀን ደመወዝ ራም በሚገዛበት አገር ላለ ኩባንያ «ሃርድዌር ርካሽ ነው» ትክክለኛ ሒሳብ ነው። እዚህ ግን ላፕቶፕ የሚገባው በዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ተማሪ ልጨምር ቢልም፣ ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ መጨመር አይቻልም።

ሌላም አለ። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ትርፉን ወደ ዲስክ ይገፋል። ከራም መረጃ ለማንሣት 100 ናኖ ሴኮንድ ገደማ ይበቃል፤ የሚሽከረከረው የድሮ ሀርድ ዲስክ ግን 10 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ መቶ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ያ ልጅ «ስታክ አደረገ» ያለው ይህን ነው። ኤዲተሩ ብቻውን ቢሆን ምናልባት ይችለው ነበር፤ ግን አጠገቡ ክሮም፣ ቴሌግራምና ዳታቤዝ ተከፍተዋል። ራም የጋራ ማዕድ ነው።

መቼ ይገባዋል?

ከባድ ኤዲተር ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ከጀርባ ኮዱን እያነበበ ስሕተት የሚያሰምርና የፈንክሽን ስም የሚያሟላ ረዳት አለው፤ እሱም ራም ይበላል፣ ግን ያበላሽነውን ከማስኬዳችን በፊት ስለሚነግረን አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ አንዴ ተጭኖ የተረሳው አሥራ ምናምን ኤክስቴንሽን ነው። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ራም ካለው በቪኤስ ኮድ ሥሩ፣ የማትፈልጉትን ኤክስቴንሽን አጥፉ። 4 ጊጋ ከሆነ ኖትፓድ++ ወይም ጂኒ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው፤ «ፕሮፌሽናል አይመስልም» የሚላችሁን ላፕቶፑን ያውሳችሁ በሉት።

ለሚቀጥለው ክፍል አንድ ፋይል በሁለት ኤዲተሮች ክፈቱ፤ ታስክ ማናጀር ላይ እያንዳንዳቸው የያዙትን ራም አንብቡና ሁለቱን ቁጥሮች ከፋይሉ መጠን ጎን ጽፋችሁ አምጡ።