ወደ ጀርመን አገር የሚሄድ ተማሪና የሕክምና ኢንሹራንስ

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ስለ ዩኒቬርሲቲው ስም፥ ስለ ቪዛውና ስለ አውሮፕላኑ ቲኬት ብዙ ይጨነቃል፤ ስለ ብርዱም ተነግሮት ካፖርት ይገዛል። ስለ ሕክምና ኢንሹራንስ የሚያስበው ግን ብዙውን ጊዜ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ «ማስረጃህ የታለ?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። ከመካከላችን በርከት ያሉት ወደ ጀርመን አገር ለመሄድ ስለሚያስቡ፥ ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ አገር ሥርዐት ብቻ ነው። ሥርዐቱ በጠቅላላው ለተማሪ የሚያደላ ነው፤ ነገር ግን አንዴ የተፈረመ ወረቀት እስከ ትምህርቱ ፍጻሜ የማይሻርበት አንድ ስፍራ አለው። ስለዚያ ዝቅ ብለን በሰፊው እንነጋገራለን።

አስቀድሞ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። በጀርመን አገር የእጅ ሥራ ማኅበርተኞችና የማዕድን ቆፋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ገንዘብ እያዋጡ የታመመውን ባልንጀራቸውን ይረዱ ነበር። የኛን ዕድር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የኛ ዕድር ይልቁንም ለሐዘን ቀን ሲቆም የእነርሱ ማኅበር ለሕመም ቀን መቆሙ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1883 ቻንስለር ቢስማርክ ይህን ልማድ ሕግ አደረገው፤ በዚያን ጊዜ ሠራተኛው የመዋጮውን ሁለት ሦስተኛ፥ አሠሪው አንድ ሦስተኛ እንዲከፍል ተወሰነ። ተማሪዎች በግዴታ እንዲገቡ የተደረገው በ1975 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) ማኅበሮቹ ክራንከንካሴ ይባላሉ፤ ዛሬ ቍጥራቸው ዘጠና ያህል ነው። ካሴ ማለት የገንዘብ ሣጥን ነው፤ ከኛ ካሳ ጋር የሚመሳሰለው በድምፅ ብቻ ነው።

ሕጉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በታወቀ ዩኒቬርሲቲ የተመዘገበና ዕድሜው ከ30 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ፥ የውጭ አገር ሰውም ቢሆን፥ ከነዚህ ካሴዎች በአንዱ አባል የመሆን ግዴታ አለበት። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚመጡት ተማሪዎች የአገራቸውን ካርድ ይዘው ይገባሉ፤ ኢትዮጵያ ግን ከጀርመን ጋር እንዲህ ያለ የማኅበራዊ ዋስትና ውል ስለሌላት የኛ ተማሪ ከዚያው መግባት አለበት። የሚገባበትን ካሴ የሚመርጠው ተማሪው ራሱ ነው። የተመረጠው ካሴ ደግሞ «አንተ በሽተኛ ነህና አልቀበልህም» ለማለት አይችልም፤ የስኳር በሽታ ወይም አስም ያለበትም ሆነ ጤናማው የሚከፍሉት እኩል ነው። ይህ ግዴታ ሲባል የሚከብድ ይመስላል እንጂ፥ በእውነቱ ተማሪው በዚያ አገር ከሚያገኛቸው መብቶች ሁሉ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ዋጋው እንሂድ። መዋጮው የሚሰላው መንግሥት ለተማሪ ኑሮ ያስፈልጋል ብሎ ከወሰነው ገንዘብ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ በ2025 በወር 855 ዩሮ ነበር፤ የሕክምናው መዋጮ 10.22 ከመቶ ስለሆነ 87 ዩሮ ከ38 ሳንቲም ይመጣል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ካሴ የራሱን ጥቂት ጭማሪ ያክልበታል፤ ለአረጋውያንና ለአካል ጕዳተኞች እንክብካቤ የሚውል ሁለተኛ ኢንሹራንስም አብሮ ይከፈላል፤ ይህም ልጅ ለሌለውና 23 ዓመት ለሞላው ሰው ከፍ ይላል። በጠቅላላው በ2025 በብዙዎቹ ካሴዎች ከ140 እስከ 150 ዩሮ ግድም ነበር። ለቪዛ በሚከፈተው በዝግ ሒሳብ ለተማሪው በየወሩ የሚለቀቀው ደግሞ 992 ዩሮ ነበርና፥ ሰባት አንድ ያህሉ ለኢንሹራንስ ይሄዳል ማለት ነው። ገና አዲስ አበባ ሳለ ይህን ከኪራዩ ጋር ደምሮ የማያሰላ ተማሪ የመጀመሪያው ወር ማለቂያ ላይ ይደነግጣል።

ስለዚህ ገንዘብ የሚያገኘውስ ምንድን ነው? ፎቶግራፉ ያለበት ካርድ ይሰጠዋል፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ካርዱን ያሳያል እንጂ ገንዘብ አይከፍልም። የመድኃኒት ማዘዣውም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በዚሁ ካርድ አማካይነት መድኃኒት ቤት ይደርሳል። በመድኃኒት ላይ የዋጋውን ዐሥር ከመቶ፥ ይኸውም ከ5 ዩሮ ያላነሰ ከ10 ዩሮ ያልበለጠ ያዋጣል። ሐኪም ቤት ተኝቶ ቢታከም በቀን 10 ዩሮ፥ በዓመት ከ28 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ይከፍላል፤ የተረፈው ሁሉ በካሴው ነው። ባለትዳር ቢሆን ገቢ የሌላት ሚስቱ (ወይም ገቢ የሌለው ባሏ) እና አብረው ያሉት ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባሉ። ለዐዋቂ ሰው መነጽር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስም የሚከፈለው በከፊል ነው። የተጐዳ ጥርስ ያለው ሰው በአገሩ ሳለ ቢያስጠግን ይሻለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። የተማሪው ኢንሹራንስ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ከወረደበት ቀን አይደለም፤ ሴሜስተሩ ከገባበት ወይም፥ ከዚያ በኋላ ከተመዘገበ፥ ከተመዘገበበት ቀን ነው። የክረምቱ ሴሜስተር በዩኒቬርሲቲዎች ዘንድ ኦክቶበር 1 ቀን ይገባል። ክፍል ለመፈለግ ብሎ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የሚደርስ ተማሪ እንግዲህ አንድ ወር ያህል በካሴው አይሸፈንም። ለቪዛ የሚጠየቀው የጕዞ ኢንሹራንስ የተበጀው ለዚች ክፍተት ነው፤ ስለዚህ ውሉ የሚያበቃበት ቀን ከምዝገባው ቀን በኋላ መሆኑን አይቶ መግዛት ያስፈልጋል። በዚያች ወር ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ፥ ውሉም ሳምንት ቀድሞ ያለቀበት ተማሪ፥ የሐኪም ቤቱ ሒሳብ የሚመጣው በራሱ ስም ነው። ወደ መሰናዶ ኮሌጅ ወይም ወደ ቋንቋ ትምህርት የሚገቡትም በዚህ በግዴታው ሕግ አይታቀፉም፤ እነርሱ ለዚያ ጊዜ የግል ኢንሹራንስ ይይዛሉ፤ ዩኒቬርሲቲ በገቡ ጊዜም ካሴ ውስጥ ከመግባት የሚያግዳቸው የለም። የፊተኛውን ውል በጽሑፍ ማፍረስ ግን አይርሱ፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ መክፈል ይመጣል።

አሁን ከላይ ወዳነሣነው ስፍራ ደርሰናል። ሕጉ ለተማሪው አንድ በር ከፍቶለታል፤ ግዴታው ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ለካሴ አመልክቶ ከግዴታው ነጻ ለመውጣትና የግል ኢንሹራንስ ለመግዛት ይችላል። በሩ ግን ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ነው፤ ነጻ የወጣ ተማሪ ያ ትምህርት እስኪያልቅ ድረስ በተማሪነቱ ወደ ካሴው ሊመለስ አይችልም። የቀበሮ ጕድጓዱ የሚቆፈረውም በዚሁ ላይ ነው። ሻጮች አዲሱን ተማሪ ሲያገኙት የሚያሳዩት የወሩን ዋጋ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እናድርገው። የግሉ ኢንሹራንስ በወር 60 ዩሮ፥ ካሴው 145 ዩሮ ነው እንበል። በሁለት ዓመት ትምህርት የሚተርፈው 2,040 ዩሮ ይሆናል። ይህ ለተማሪ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ለቤተ ሰብ የሚላክ ብዙ ነገር አለበት። ነገር ግን ርካሹን ውል ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ይገባል። ከመምጣቱ በፊት የነበረበትን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ስለ እርግዝና የመጠበቂያ ወራት ያስቀምጣል፤ ለአእምሮ ጭንቀት ሕክምና ወይ አይከፍልም ወይ ጥቂት ይከፍላል። (በባዕድ አገር የመጀመሪያው ክረምት ምን እንደሚመስል የሄዱት ይመስክሩ።) ብዙ ጊዜም ተማሪው ለሐኪሙ ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኝ ልኮ ይጠብቃል። በሁለተኛው ዓመት ኵላሊቱ የታመመና ኩባንያው «ይህ በሽታ ከአገርህ ይዘኸው የመጣኸው ነው» ያለው ተማሪ፥ ያተረፈው 2,040 ዩሮ የስንት ቀን ሕክምና ይሆነዋል? የመኖሪያ ፈቃድ የሚያድሰው መሥሪያ ቤትም እንዲህ ያለውን ጐዶሎ ውል አልቀበልም ለማለት ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከ30 ዓመት በታች ለሆነ የኛ ተማሪ ያን ወረቀት መፈረም የሚያዋጣበት ምክንያት እጅግ ጥቂት ነው። ነጻ የሚወጣውም ሰው ቢሆን ከካሴ ደጃፍ አያመልጥም፤ ከ2022 ጀምሮ የተማሪውን የኢንሹራንስ ሁኔታ ለዩኒቬርሲቲው በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያስታውቀው ካሴው ስለሆነ፥ ይህ መልእክት ሳይደርስ ምዝገባው አይፈጸምም።

ዕድሜው 30 ዓመት ያለፈ ሰው ነገሩ ይጠብበታል፤ ከመካከላችን ጥቂት ዓመት አስተምረው የሚሄዱ ብዙዎች ስለሆኑ ይህን ልብ ማለት ይገባል። የተማሪው ግዴታ 30 ዓመት በሞላበት ሴሜስተር መጨረሻ ያበቃል። ቀድሞ አባል የነበረ በፈቃዱ ከፍ ባለ ዋጋ ለመቀጠል ይችላል፤ ከዚህ በቀጥታ በ33 ዓመቱ የሚሄድ ግን የቀድሞ አባልነት ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግሉ ይገፋል። እንዲህ ያለው ተማሪ ሳይነሣ ዋጋ ማጠያየቅ አለበት። በዳአድ ስኮላርሺፕ የሚሄዱት ኢንሹራንሱ በስኮላርሺፑ በኩል ስለሚታሰብላቸው ያን ያህል አይቸገሩም። ለዶክተርነት የሚማርና በዩኒቬርሲቲው የሥራ ውል ያለው ሰው ደግሞ እንደ ሠራተኛ ስለሚቈጠር አሠሪው የመዋጮውን ግማሽ ያህል ይከፍልለታል።

መዋጮውን ማቋረጥ አደገኛ ነው። ሁለት ወር ያልከፈለ አባል ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በኋላ መብቱ ይታገዳል፤ ድንገተኛ ሕመምና እርግዝናን ለመሰለ ነገር ካልሆነ በስተቀር አይታከምም። ካሴው ይህን ለዩኒቬርሲቲው ካስታወቀ የሚመጣውን ሴሜስተር ምዝገባ ማደስ ይከለከላል። ስለዚህ ከባንክ ሒሳቡ በየወሩ በቀጥታ እንዲወሰድ ማዘዝ ይሻላል። ቤት የለወጠ ሁሉ አዲሱን አድራሻ ያስታውቅ፤ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በፖስታ ነውና።

በሌሊት ወይም በእሑድ ለታመመ፥ ሕመሙ ግን ለነፍስ የማያሰጋ ለሆነ ሰው የሐኪሞች አገልግሎት ቍጥር 116117 ነው፤ ለነፍስ ለሚያሰጋው 112 ይደወላል። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ መሄዱን ለካሴው በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ አለዚያ መዋጮ መጠየቁ ይቀጥላል። ሥራ ለመፈለግ የ18 ወር ፈቃድ ተቀብሎ የሚቈይም የተማሪው ዋጋ የቀረበት መሆኑን ዐውቆ፥ በፈቃድ አባልነት ለመቀጠል ጊዜው ሳያልፍ ወደ ካሴው ይሂድ።